«በሞቴ» ያልኩህ ቀን

የኔ ጌትዬ፣

ከተለየኸኝ ዓመት ከአራት ወር ሆነ። የቤቱን ወሬ ከመጀመሬ በፊት አንድ የሚያሳፍር ነገር ልንገርህ፤ ደግሞ እንዳትስቅብኝ። ሰፈሩ በሙሉ ከወንድሞችህ ጋር በውርስ የተካሰስኩ መስሎታል። ወሬውን የነዛሁት ደግሞ እኔው ነኝ!

እንዲህ ሆነልህ። ከሦስት ወር በፊት አንድ ማክሰኞ ከሰዓት፣ ነጠላዬን እስከ አፍንጫዬ ተከናንቤ ስወጣ ጎረቤታችን እትዬ አስካለ በር ላይ ያዙኝ። «ወዴት ነው እንዲህ ተሸፋፍነሽ?» ሲሉኝ አፌ ላይ የመጣልኝ «ፍርድ ቤት» የሚል ሆነ። ልደታ፣ ፍርድ ቤቱ አጠገብ ተቀምጦ ከዚህ የቀለለ ውሸት ከየት ይገኛል? በሳምንቱም ስወጣ አዩኝ፣ በሌላውም ሳምንት። አሁን ቤት ለቤት እየዞሩ «ያቺ ምስኪን፣ የባሏ ወንድሞች በውርስ ከሰው በቀጠሮ አመላለሷት» እያሉ ያዝኑልኛል። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ወሬ መጽሔት ላይ ስጽፍ ኖሬ፣ በተራዬ የሰፈር ወሬ ሆኜ አረፍኩልህ።

የምሄድበትን ቦታ አንተ ታውቀዋለህ። ጌጃ ሰፈር፣ ከልብስ ሰፊዎቹ ሱቅ በላይ ያለችው ክፍል ናት፤ መጠጥ ለመተው የቆረጡ ሰዎች ማክሰኞ ማክሰኞ የሚሰባሰቡባት። አንተ ስትሄድ «አብረሽኝ ነይ፣ የቤት ሰውም ይገባል» ብለህ ስንቴ ለመንከኝ! እኔ የጠጪ ሚስት እንዳልባል ብዬ እምቢ አልኩ።

እሱንስ ይቅር ትለኝ ይሆናል። የማኅበሩን ቀን ግን እኔም ራሴን ይቅር አላልኩ።

የልደታ ማርያም ማኅበራችን ተራው እኛ ቤት ነበር፤ አንተ ካቆምክ ሦስተኛ ወርህ። ጠላውን የጠመቅኩት እኔ፣ ዳቦውን የደፋሁት እኔ፣ ቤቱ በሰው ጢም ብሏል። ጽዋው ዞሮ አንተ ጋ ሲደርስ በመዳፍህ ከደንከው። አንዱ ማኅበርተኛ «ኧረ የእመቤታችን ጽዋ አይገፋም!» አለ፤ ሌላው ሳቀ። ያኔ ወደ እኔ ዞር ብለህ አየኸኝ። አውጪኝ ነበር የምትለኝ። እኔ ግን እንግዳ ፊት ማፈሬ በልጦብኝ፣ ጽዋውን አንስቼ አፍህ ላይ ደቀንኩት። «በሞቴ፣ አንዴ ብቻ» አልኩህ።

ጠጣህልኝ። በማግስቱ ጠጅ ቤት ነበርክ። ወደዚያች ክፍል ዳግመኛ አልተመለስክም። በኋላ ሐኪሙ ስለ ጉበትህ ሲነግረኝ እኔ የማየው ጽዋውን ነበር። በገዛ ሞቴ ምዬ አንተን ቀበርኩ።

ቤቱ ብዙ አልተለወጠም። ራዲዮህ እዚያው መስኮቱ ሥር ነው። ጫማህን ለታናሽ ወንድምህ ሰጠሁ፣ ጠበበው መሰለኝ ግን አልተናገረም። የተለወጥኩት እኔ ነኝ። ከተዝካርህ የተረፈ አረቄ ጓዳ ቀርቶ ነበር፤ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ አንድ መለኪያ እያልኩ ጀመርኩት። ሲያልቅ ገዛሁ። ቆይቶ ከምሳም በፊት ሆነ። አንድ ቀን የመጽሔቱ አዘጋጅ ደውሎ «እትዬ ዓለም፣ ይሄን ጽሑፍ እኮ ባለፈው ወርም ልከውልን ነበር» ሲለኝ ነው የደነገጥኩት።

መጀመሪያ ቀን ያችን ደረጃ ወጥቼ ስገባ፣ ማን ልበል ሲሉኝ «የጌታቸው ሚስት ነኝ» አልኩ፤ ያንተን ነገር ልጠይቅ ብቻ የመጣሁ መስዬ። ሰለሞን የሚባል የሚኒባስ ሹፌር ተነሳ። «እንኳን መጡ። ጌታቸው በየሳምንቱ አጠገቡ ያለው ወንበር ላይ ኮፍያውን ያስቀምጥና፣ ሰው አለው፣ ባለቤቴ ትመጣለች ይለን ነበር» አለኝ። ጌትዬ፣ ይህን ለምን አልነገርከኝም? ከዚያ ሰለሞን ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እርስዎስ?» አለ።

የዚያን ዕለት አልቅሼ ወጣሁ። በአራተኛው ማክሰኞ ግን ተነስቼ «ዓለም እባላለሁ። እጠጣለሁ፤ ማቆም አቅቶኛል» አልኩ። ማንም አልሳቀም። አንዷ ስኳር የበዛበት ሻይ ሰጠችኝ፣ እሱን ይዤ እስኪበርድ ተቀመጥኩ። ከዚያ ወዲህ አልቀመስኩም፤ ሁለት ወር አለፈ።

አሁን የማኅበሩ ተራ ተመልሶ በሚቀጥለው ወር እኛ ቤት ይገባል። የንስሐ አባታችንን ሄጄ ጠየቅኳቸው። «ጽዋውን የሚባርከው ጸሎቱ ነው እንጂ ጌሾው አይደለም ልጄ» አሉኝ። ይኸው ነው፣ አንዲት ጥያቄ! ያኔ ጠይቄ ቢሆን ኖሮ እያልኩ መንገዱን ሙሉ አለቀስኩ።

ስለዚህ ጌሾ አልገዛም። ጽዋውን የምሞላው ብርዝ ነው፣ እንዲያው የማር ውሃ። ለምን ሲሉኝም ያንተንም የእኔንም ሳልሸሽግ እነግራቸዋለሁ። እትዬ አስካለ ደግሞ የክሱን ነገር ማንሳታቸው አይቀርም፤ የምሄደው ሌላ ችሎት እንደሆነ ያኔውኑ ይሰማሉ። ግን ልቤ ፈርቷል። አንዱ ከቤቱ ያመጣውን አረቄ ቀድቶ «በሞቴ» ቢለኝስ? አይዞሽ የሚለኝ ማን አለ?

ኮፍያህን አጠገቤ ያለው ወንበር ላይ አስቀምጣለሁ። ማንም ሊቀመጥበት ቢመጣ ሰው አለው እላለሁ። ያኔ ጽዋው ሲደርስህ ያየኸኝን ያቺን አስተያየትህንም ዕድሜዬን ሙሉ አልረሳትም። በማግስቱ ቅዳሴ እንደወጣ መቃብርህ ጋ መጥቼ፣ ማን እንዳኮረፈ፣ ማን ብርዙን ደግሞ እንዳስቀዳ አንድ ሳላስቀር አወራሃለሁ።

ጠጥቼም ከሆነ አልደብቅህም።

ያንተዋ ዓለም