የሳሮን አሳማዎች

ቶሮንቶ፣ ቅዳሜ፣ ኅዳር 6

ዛሬ የልጅ ልጄን የሳሮንን የማስተርስ ጽሑፍ ሳርም ዋልኩ። ጥናቷ አንዳንዷ አሳማ ከሌላዋ ይልቅ በአንድ ጊዜ ብዙ የምትወልደው ለምን እንደሆነ ነው። ለእናቷ ለአስቴር ግን ሁለት ዓመት ሙሉ «ስለ ላም ነው» ስትል ኖራለች። ልጄ የአሳማ ስም እቤቷ ሲነሳ አትወድም። ማክሰኞ ሳሮን ጽሑፏን በመምህራኑ ፊት ታቀርባለች፤ እናቷ እንድትመጣላት ትፈልጋለች፤ እውነቱን መናገር ደግሞ ፈርታለች።

አንድ ሠንጠረዥ ላይ ቀይ እስክሪብቶዬን አነሳሁ።

«የተወለዱትን ቆጥረሻል። ጡት እስኪተዉ በሕይወት የቆዩትስ?»

«አባባ፣ እርስዎ ከፕሮፌሰሬ ይብሳሉ!»

«ብዙ መውለድ በዘር የሚወረሰው በጥቂቱ ነው፣ ትልቁ አያያዝ ነው ብለሽ አንቺው ጽፈሻል። ያደጉትን ካልቆጠርሽ አያያዙ በምን ይታያል?»

ሠንጠረዡን ማስተካከል ጀመረች። ደስ አለኝ።

አስቴር ከሥራ ገብታ ከኋላችን መቆሟን አላየንም። ጽሑፉ ላይ ያለውን የአሳማ ፎቶ አይታ፣ «ላም ይሄ ነው?» አለች።

ሳሮን ደነገጠች። «አሳማ ነው እማዬ። ጥናቴ በሙሉ ስለ አሳማ ነው።»

«ያውም የምንበላበት ጠረጴዛ ላይ!»

ካፖርቷን ሳታወልቅ መነጽሯን አድርጋ ወደ ወረቀቱ ጎንበስ አለች።

«አሥራ አራት ወልዳ ጡቷ አሥራ ሁለት ነው ይላል። ሁለቱስ?»

«ጥቂት ለወለደች ሌላ እናት ይሰጣሉ።»

«ትቀበላቸዋለች?»

«ቶሎ ከተወሰዱ አዎ።»

አስቴር ወረቀቶቹን ለሳሮን አስታቀፈቻት፤ ጠረጴዛውንም ሁለት ጊዜ በሳሙና አጠበች። እጇን እያደረቀች፣ «ማክሰኞ በስንት ሰዓት ነው?» አለች።