«ጉጠት» ሲሉኝ እምቢ ያልሁት

ይታይሽ፣ ዓለሜ፣

ሁለተኛ ሙት ዓመትሽን ባለፈው ሳምንት አወጣን። ጎረቤቱ በልቶ ጠጥቶ «ነፍሷን ይማር» ብሎ ሄደ። እኔ ግን ይህን ያህል ጊዜ ጉሮሮዬ ላይ ተቀርቅሮ የኖረ ነገር ስላለኝ፣ ይኸው ብዕር ያዝሁ። ጽሕፈቴን ታውቂዋለሽ፣ የዶሮ ጭረት ነው እያልሽ ትስቂብኝ ነበር።

ቤቱ አለ። ገብሱ ዘንድሮ ደኅና ነው፣ ባቄላውን ግን ውርጭ መታው። ጌሾሽን የጎረቤት ፍየል ጨረሰው፣ እኔም ተጣላሁ፣ በሽማግሌ ታረቅን። ልጅቱ እየሮጠች ነው። ስሟን እናትሽ «ማስረሻ» አሏት። ተቆጥቼ ነበር፤ ማንን ልታስረሳን ነው? አሁንም ስሟን ልጠራ ስል ምላሴ ይተሳሰርና «ሚጣ» እላታለሁ። አፍንጫዋ ያንቺው ነው፣ ቁጣዋ የኔ፣ ምን ይደረግ።

ያቺን ቀን ልተርክልሽ አይደለም፣ አንቺ ነሽ ያለፍሽባት። አንዱን ነገር ብቻ ልናገረው። ምጡ ሲጠናብሽ ሐኪም ቤቱ ውስጥ አዋላጇ ያንን ከሕፃኑ ራስ ላይ ተለጥፎ የሚስበውን ኩባያ ሞከረች። ቫኪዩም ይሉታል። ሁለት ጊዜ ያዘ፣ ሁለት ጊዜ ተላቀቀ። ከዚያ ሐኪሙ ወጥቶ ጠራኝ። በኩባያው አልሆነም፣ ሕፃኑ ዝቅ ብሏልና ቶሎ በጉጠት እናውጣው፣ አለዚያ ለኦፕራሲዮን ደብረ ታቦር እንላካት፣ ምን ትላለህ አለኝ።

ጉጠት! እኔ የማውቀው ጉጠት አንድ ነው፣ ይታይሽ። በዚያው ሳምንት ማረሻ ላስመታ ብረት ቀጥቃጩ ዘንድ ሄጄ፣ የጋለውን ብረት በጉጠት ነክሶ መዶሻ ሲያወርድበት ቆሜ አይቻለሁ። ያ ነገር ገላሽ ውስጥ ገብቶ የልጄን ራስ ሲነክስ ታየኝ። «እኔ በቁሜ እያለሁ አይደረግም!» ብዬ ጮህሁ። ሐኪሙ ሊያስረዳኝ ሞከረ፣ አዋላጇ እጄን ይዛ ለመነችኝ፣ ጆሮ ዳባ ልበስ አልሁ።

አንቺም ሰምተሽ ኖሯል። በዚያ ሁሉ ጣር መካከል «ይሁን በላቸው» አልሽኝ። ደግመሽም አልሽኝ። እኔ ምጡ ነው የሚያናግራት ብዬ ቃልሽን ከቁም ነገር አልቆጠርሁትም።

ወደ ደብረ ታቦር ላኩን። የሲማዳን መንገድ ታውቂዋለሽ። አምቡላንሱ በተንገጫገጨ ቁጥር እኔ ነበርሁ የምጮኸው፣ አንቺ ከንፈርሽን ነክሰሽ ዝም። ደርሰን ልጅቱ በኦፕራሲዮን በሕይወት ወጣች። ደምሽ ግን አልቆም አለ። የሚችሉትን ሁሉ አደረጉ፣ አልቆመም።

ከዚያ ወዲህ ሰው ሁሉ «ቀኗ ደርሶ ነው» ይለኛል። እኔም አንገቴን ደፍቼ «አዎን» እላለሁ። ውሸታም!

በፍልሰታ ደግሞ እኅትሽ ብርቄ ምጥ ያዛት። ወደዚያው ሐኪም ቤት ወሰድናት። እሷንም ሐኪሙ በጉጠት ይሁን አለ። ባሏ ፊቱ አመድ መስሎ ዞሮ እኔን አየኝ። እስቲ መጀመሪያ አሳዩን አልሁ። አዋላጇ አወጣችና አሳየችን።

ጉጠት አይደለም እኮ፣ የኔ ዓለም! ጥርስ የለው፣ ስለት የለው። የሕፃን ጉንጭ እንዲያቅፉ የጎበጡ፣ መሃላቸው ክፍት የሆነ ሁለት ለስላሳ ማንኪያዎች ናቸው። ይህን «ጉጠት» ያለው ሰው ምላሱ ይቆረጥ ብዬ ተራገምሁ። ግን በማን ልፈርድ? ያኔም አሳዩኝ ብል ያሳዩኝ ነበር። አልጠየቅሁም።

ብርቄ በሰላም ተገላገለች። የልጁ ጉንጭ ላይ የነበረው ቀይ ምልክት በሦስተኛው ቀን ጠፋ። አዋላጇን ለብቻዋ ጠብቄ፣ ይታይሽ በዚህ ብትወልድ ትተርፍ ነበር ወይ አልኋት። ኩባያውም ማንኪያውም የየራሱ ጉዳት አለው፣ የሚመረጠው እንደ ምጡ ነው፣ የሷን ግን አሁን ማወቅ አይቻልም አለችኝ። አዎ ብትለኝ ይሻለኝ ነበር። ከሐኪም ቤቱ ግንብ ኋላ ሄጄ እንደ ሕፃን አለቀስሁ።

ትናንት ለእናትሽ ነገርኋቸው። ሁሉንም፤ እሺ ማለትሽንም፣ እኔ መከልከሌንም። ረግመውኝ፣ ልጅቱን ይዘው የሚሄዱ መስሎኝ ነበር። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፤ «ልጄ ፈርታ ነበር ወይ?» አሉኝ።

አልፈራችም፣ የፈራሁት እኔ ነኝ አልኋቸው።

ልጃችን ነፍስ ስታውቅ ለሷም ይህንኑ እነግራታለሁ። ቀኗ ደርሶ ነው አልላትም። «እናትሽ ደፋር ነበረች፣ ተናግራም ነበር፣ ያልሰማት አባትሽ ነው» እላታለሁ። ትጥላኝም እንደሆን ትጥላኝ። እኔም እስክሞት የማስብሽ እንደዚያ ደፋር ሆነሽ ነው።

ባልሽ
አለነ