ለቲማቲም የተጠየቀ ጥያቄ

የካቲት 1፣ ቅዳሜ

ትናንት ከአዲስ አበባ ገባሁ። ልብስ አጥቤ አሰጣሁ። የአዳማ ነፋስ ግማሹን ጎረቤት ግቢ ወሰደው፤ ስለቅም ረፈደ። መርዳሳ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ሥራው ዜና ማየት ሆኗል። "ሁለት ዓመት ምክር ቤት ተቀመጥሽ። ቴሌቪዥን ላይ ያየሁት እጅሽን ብቻ ነው፣ ድምፅ ስትሰጪ" አለኝ። የባል ነገር...

ከሰዓት ኦቦ ፈዬራ ከባቱ መጡ። የመረጠኝ የባቱ ሰው ነው፤ ኬሚስትሪ ሳስተምር ስንት ዓመት የኖርኩበት አገር። እሳቸው የአትክልት ገበሬዎች ማኅበር ሊቀ መንበር ናቸው። የቲማቲም ድልህ ፋብሪካው ሁለት ጊዜ ተመርቆ አንድ ቀን እንኳ አልሠራም። ቲማቲማቸው ማሳ ላይ እየበሰበሰ ሲያስቸግራቸው ወደ ሽንኩርት ዞሩ። አሁን ደግሞ መሬቱን ለአበባ እርሻ ሊያከራዩት ነው።

"አዴ ዘመናይ፣ ካከራየን ልጆቻችን በገዛ መሬታቸው ቅጥረኛ ይሆናሉ። እስቲ ጠይቂልን። ፋብሪካው ይሠራል ወይስ አይሠራም?"

"እጠይቃለሁ" አልኳቸው። በእኔ አፍ የተናገረው ማነው?

የካቲት 2፣ እሑድ

ፋብሪካውን ባቱ ድረስ ሄጄ አየሁት። መብራት የለውም። ዘበኛው በር ከፈተልኝ። ግቢው ሙሉ ጎመን ነው፤ ራሱ ተክሎ፣ ራሱ እያጠጣ። አንድ እቅፍ ቆርጦ ሰጠኝ። ጉቦ ይባላል ይሄ? ለማንኛውም ለእራት ሠራሁት። ጥሩ ጎመን ነው።

የካቲት 5

ጥያቄ ቀድሞ በጽሑፍ ይገባል። ዘካርያስ እንደኔው የምክር ቤት አባል ነው፤ ግን የቆየ ነው፣ ደንቡን ያውቃል። "ትንሽ ላለስልሰው" ብሎ ወሰደው። የእኔ ጥያቄ "ፋብሪካው ለምን አይሠራም?" የሚል ነበር። ተመልሶ ሲመጣ "ፋብሪካውን ሥራ ለማስጀመር እየተደረገ ያለው ጥረት አበረታች መሆኑን እየገለጽኩ፣ ጥረቱ የበለጠ እንዲጠናከር ምን ታስቧል?" ሆኗል።

ጥያቄ ሰጥቼው ምስጋና መለሰልኝ።

የካቲት 9፣ እሑድ

ልምምድ። መርዳሳ ሚኒስትር ሆነ። ከላይ ከረባት፣ ከታች ሽርጥ።

"ክቡር ሚኒስትር፣ የመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ መቼ ይጠገናል?"

"ክብርት የምክር ቤት አባል ላነሱት ወቅታዊ ጥያቄ አመሰግናለሁ።"

"መቼ?"

"ከባለድርሻ አካላት ጋር እየተወያየን ነው።"

ባለድርሻ አካላት እነማን ናቸው? ቤት ውስጥ ያለነው ሁለታችን ነን።

የካቲት 11፣ ማክሰኞ

ጠየቅኩ።

ስሜ ሲጠራ ተነሳሁ። ወረቀቱን ማንበብ ጀመርኩ... "ጥረቱ አበረታች መሆኑን" የሚለው ላይ ስደርስ ምላሴ አልታዘዝ አለ። ኦቦ ፈዬራ ይሄን ቢሰሙ ምን ይላሉ? ወረቀቱን አጠፍኩት። "ክቡር ሚኒስትር፣ ይህ ፋብሪካ ቲማቲም አይቶ ያውቃል ወይ?" አልኩ።

አዳራሹ ሳቀ። አፈ ጉባኤው ሥርዓት አስከበሩ። ሚኒስትሩ ፋብሪካው "በሙከራ ምርት ላይ" እንደሚገኝ አስረዱ።

"በቅርቡ ሄጄ ነበር። እዚያ የሚመረተው ጎመን ነው" አልኩ።

አሁን ሚኒስትሩም ሳቁ። ሳቃቸውን ሲጨርሱ "በሚቀጥለው ሳምንት አብረን ሄደን እናያለን" አሉ። ዘካርያስ በሻይ ሰዓት ሌላ ጠረጴዛ መረጠ።

የካቲት 20፣ ሐሙስ

አብረን ሄድን። ለዓመታት ያልገባው መብራት ትናንት ገብቷል። ጎመኑ ተነቅሎ ቦታው አበባ ተተክሎበታል፤ አፈሩ ገና እርጥብ ነው። ዘበኛው አኩርፎኛል። ምን ልበለው?

ሥራ አስኪያጁ ማሽኑን አስነሳ። ደስ የሚል ድምፅ አለው። ሁላችንም ቆመን አዳመጥነው። ከዚያ ሚኒስትሩ "ቲማቲሙስ?" አሉ።

ቲማቲም የለም። ማን ተክሎት? ሥራ አስኪያጁ ፒክአፖቹን ወደ ባቱ ገበያ ላከ፤ አልበቃ ሲል ወደ አዳማ። እኛ ምሳ በላን። ሰላጣው ቃሪያና ሽንኩርት ብቻ ነበር።

አመሻሽ ላይ ድልህ ወጣ። ሚኒስትሩ ካሜራ ፊት በማንኪያ ቀምሰው "ጥሩ ነው" አሉ። እኔም ቀመስኩ። እውነት ጥሩ ነው።

የካቲት 21፣ ዓርብ

አዳማ ውስጥ ቲማቲም ጠፋ። ገበያ ብወጣ ሴቶቹ ሁሉ ያዩኛል። ምግብ ቤት ያላት ጎረቤታችን ፎዚያ መንገድ ላይ ያዘችኝ።

"እትዬ ዘመናይ፣ ጾም ገብቷል፤ ረመዳንም ሊገባ ነው። ስልስ በምን ልሥራ?"

"ፎዚያዬ፣ እኔ የጠየቅኩት ስለ ፋብሪካው ነው..."

"ገባኝ። እንግዲህ ስለ ዘይት እንዳይጠይቁብን።"

የካቲት 29

ማሽኑ ከዚያ ቀን ወዲህ አልተነሳም። ሥራ አስኪያጁ "ገበሬው ቲማቲም ያምጣ፣ እሠራለሁ" ይላል። ኦቦ ፈዬራ "ይሥራ፣ እንተክላለን" ይላሉ። የአበባ እርሻው ሰዎች መልስ እየጠበቁ ነው። ሁለቱም ስልክ የሚደውሉት ለእኔ! ሚኒስትሩ ዘንድ ደወልኩ። ስብሰባ ላይ ናቸው።

መጋቢት 6፣ ቅዳሜ

ሥራ አስኪያጁንና ኦቦ ፈዬራን ባቱ ላይ አንድ ክፍል አስገባኋቸው። አስተማሪነቴ ጠቀመኝ፤ ማንም እንዳይወጣ በሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። ፋብሪካው ችግኝ ሊሰጥና ምርቱን ሊገዛ ተስማማ። ውሉ ተነበበ። ኦቦ ፈዬራ እስክሪብቶውን መልሰው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

"ምነው?" አልኩ።

"ሁለት ጊዜ ሲመረቅ አጨብጭቤያለሁ። አንቺም ፈርሚ።"

"እኔ ተዋዋይ አይደለሁም እኮ።"

"ምስክር ሁኚ። ከከሸፈ ቤትሽን አውቀዋለሁ።"

ፈረምኩ። ከእኔ ቀጥሎ ሁለቱም ፈረሙ። ኦቦ ፈዬራ ግማሹን መሬት ለቲማቲም፣ ግማሹን ለሽንኩርት አደረጉ። "ሽንኩርቱ የሚኒስትሩን ቃል ስለማላምን፣ ቲማቲሙ ያንቺን ስለማምን" አሉኝ። ለአበባ እርሻው "አናከራይም" ተባለ። ምን ነካኝ? በረዶ ቢጥልስ? ተባይ ቢገባስ?

ሚያዝያ 13

ዛሬም ለኦቦ ፈዬራ ደወልኩ። "አዴ ዘመናይ፣ ቲማቲም በስልክ አያድግም" ብለው ዘጉት።

ሚያዝያ 25፣ ቅዳሜ

ባቱ ሄድኩ። ቲማቲሙ አብቧል፤ አንዳንዱ ፍሬ ይዟል። ፋብሪካው ሠራተኛ መቅጠር ጀምሯል፣ ዘበኛውም ሰላም አለኝ። ኦቦ ፈዬራ ግን ሰላምታ እንኳ ሳያስጨርሱ አካፋ ሰጡኝ። ውሃ የሚያዞር ሰው ጎድሏቸዋል። ጫማዬን አወለቅኩ። ከቦይ ቦይ ስል ዋልኩ... ወገቤ የእኔ አይደለም። ግን ውሃው ሥሩ ጋ ሲደርስ ማየት እንዴት ደስ ይላል።

አሥር ሰዓት ገደማ አንድ ባጃጅ መንገዱ ላይ ቆመ። ተሳፋሪዋ አንገቷን አውጥታ አየችኝ።

"ክብርት ዘመናይ ናት እንዴ? ጭቃ ውስጥ ምን ትሠራለች?"

ባለ ባጃጁ ዞር ብሎም አላየኝ።

"ጥያቄ ጠይቃ ነው" አላት።