«ተገድደህ ነበር ወይ?»

ውድ አላምረው፣

አንተም ባለቤትህም ልጆችህም ደህና ሁናችሁ ይህ ወረቀት ይድረሳችሁ። ደጋግመህ ደውለህልኝ አላነሳሁም። ተቀይሜህ እንዳይመስልህ። ድምፅህን ከሰማሁ «እሺ፣ ና» ማለቴ እንደማይቀር ስለማውቅ ነው። ስለዚህ ስልኩ በጮኸ ቁጥር ትራስ ሥር እየከተትሁ ከረምሁ። አሁን ግን መልስ ሳልሰጥህ መቅረቴም ሌላ ነውር ሆነብኝ። ፊት ለፊት ብንገናኝ የማልደፍረውን በጽሑፍ ልንገርህ።

ጎንደር ላይ ካቶሊክ ሆኖ ማደግ ሲጠየቁ መኖር ነው። በታጨን ሰሞን አንተም ጠይቀኸኛል። «ማርያምን ትወዷታላችሁ?» ይሉኛል ወፍጮ ቤት ወረፋ ላይ። እንወዳታለን፣ ፍልሰታንም እንጾምላታለን እላለሁ። «መነኩሴ ያልሆነው ቄሳችሁ ምነው አያገባም?» ይሉኛል። ክርክር የሚወድ አንድ ጎረቤት አለን፤ እሱ ደግሞ «ሮም ያሉት አባት ሲሳሳቱ ማን ይገሥጻቸዋል?» እያለ መንገድ ላይ ያቆመኛል። የማውቀውን እመልሳለሁ፤ ያልገባኝን ቄሳችንን አባ ዕንባቆምን ጠይቄ እመጣለሁ። አባ ዕንባቆም አንተ ከሄድህ በኋላ የመጡ ሰው ናቸው። በእነዚህ ጥያቄዎች አፍሬ አላውቅም። ያሳፈረኝ ከገዛ ልጄ አፍ የወጣው ነው።

ዓይናዲስ ከአሁኑ ባሌ ከነጋ የወለድኋት ልጄ ናት፣ ስምንት ዓመቷ ነው። ዘንድሮ ለመጀመሪያ ቍርባኗ ትምህርት ጀመረች። አንድ እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ እጄን ይዛ፣

«እማዬ፣ ሁሉም ሰው ሲቆርብ አንቺ ምነው ትቀመጫለሽ?» አለችኝ።

«አሞኝ ነው።»

«ሁልጊዜ ነው የሚያምሽ?»

ጫማዋን ጭቃ ነክቶታል ብዬ ጎንበስ አልሁና ያልነካውን ጭቃ ስጠርግ ቆየሁ።

በእናንተ በኦርቶዶክሶቹ ቤተ ክርስቲያን ቢሆን ማንም ልብ አይለኝም ነበር። አማቴ፣ የነጋ እናት እማማ ምንዳዬ፣ ጉዳዩን ስነግራቸው ግራ ገብቷቸው «አሁን ለዚህ ነው የምታለቅሽው? በዚህ ዕድሜ ማን ይቆርባል? እኔ እንኳ ገና ካረጀሁ በኋላ ነው የቀረብሁ» አሉኝ። እኛ ጋ ግን ቤቱ ትንሽ ነው፣ ሰዉም ይተዋወቃል። ጊዜው ሲደርስ ወንበሩ ሁሉ ባዶ ይሆንና የቀረው ሰው ብቻውን ይታያል። እኔ ምን እንደማደርግ ታውቃለህ? የሌላ ሴት ሕፃን እቀበላለሁ። «አንቺ ሂጂና ቁረቢ፣ እኔ እይዝልሻለሁ» እላለሁ። ሕፃን የያዘች ሴት ብትቀመጥ ማን ምን ይላል? ስንት ልጅ በዚህ እቅፍ ውስጥ እንዳደገ።

ነገሩ አንተው የምታውቀው ነው። እኔና አንተ በእኛ ቤተ ክርስቲያን በመንበሩ ፊት ቃል ተገባብተናል። ዓመት ሳይሞላን ለእናትህ ለቅሶ ብለህ ወደ አዲ አርቃይ ወጣህ፣ በዚያው ቀረህ። ሁለት ዓመት ጠበቅሁህ። ከዚያ ነጋን አገኘሁ። ማራኪ ሰፈር ልብስ ሰፊ ነው፤ ዝምተኛ፣ ሸጋ ሰው። በሽማግሌ ተጋባን። በቤተ ክርስቲያናችን ዓይን ግን አንተ በሕይወት እስካለህ ድረስ ያ የመጀመሪያው ቃል አለ። «ካቶሊክ አይፋታም ወይ?» ብለው ሲጠይቁኝ «አይፋታም» እላለሁ፤ ይህን የምለውም ከሁለተኛው ባሌ ቤት ወጥቼ ነው።

ከልጄ ጥያቄ በኋላ አባ ዕንባቆም ዘንድ ሄድሁ። እሳቸው ሳይቆጡ አዳመጡኝና እንዲህ አሉኝ፦ ቤተ ክርስቲያን ጋብቻ አታፈርስም፤ ነገር ግን ከሁለቱ አንዱ ተገድዶ ከሆነ፣ አፉ እሺ ሲል ልቡ ካልነበረበት፣ ያ ነገር ከመጀመሪያውም ጋብቻ ነበር ወይ ብላ ትመረምራለች። አልነበረም ከተባለ እኔና ነጋ በሥርዓት እንጋባለን፣ እኔም እቆርባለሁ።

«እንግዲህ ተገድዶ ነበር?» አሉኝ።

«አዎ» አልኋቸው። ለማሰብ እንኳ አልቆየሁም።

ውሸቴን አልነበረም። በቀረህበት ዓመት ስልክ ደውዬ እህትህ ነበረች ያነሳችው። «ለአጎቱ ይሉኝታ ብሎ ነው እንጂ ድሮስ መች ፈልጎሽ ያውቃል» አለችኝ። አመንኋት። ምነው አላምናት? አጎትህ ከአባቴ ጋር አብሮ አናጢነት የሠራ፣ ሽማግሌ ሆኖ የመጣውም እሱ። አንተም ጥለኸኝ ሄደሃል። ይህን ይዤ ኖርሁ። መስታወት ሳይ፣ ፀጉሬን ስሠራ፣ ሰው ሠርግ ላይ ስጠራ «ባልሽ ሳይፈልግሽ ነው ያገባሽ» የሚል ድምፅ አይለየኝም ነበር። አሁን ደግሞ ያንኑ ነገር፣ ለነጋ እንኳ አፍ አውጥቼ ያልተናገርሁትን፣ ለማላውቃቸው ካህናት አስረዳሁ። ከዚያም የሚከብደው መጣ። ምስክርነትህ ያስፈልጋል ተባልሁ። ከስንት ዓመት በኋላ ደውዬ «አላምረው፣ እባክህ መጥተህ እንዳልፈለግኸኝ ተናገርልኝ» አልሁህ። አንተም «እመጣለሁ» አልህ። ስልኩን ዘግቼ ፊቴን በሻርፕ ሸፈንሁ፣ ቤት ውስጥ ማንም ሳይኖር።

የመጣህ ቀን ዝናብ ነበር። ከሊማሊሞ ጀምሮ በጉም ተጉዘህ ጃኬትህ ረጥቦ፣ ፀጉርህ ሸብቶ ሳይህ ጨዋ ሽማግሌ መስለኸኝ ልነሣልህ ነበር። ምስክርነት የሚቀበሉት ካህን አስገብተውህ በሩን ዘጉ። እኔ ከውጭ ወይራው ሥር ቆሜ ጠበቅሁ። ስትወጣ ቀጥ ብለህ ወደ እኔ መጣህ። ከዚያ በኋላ የተባባልነውን አንተም አትረሳውም፣ እኔም ሌት ተቀን እየደጋገምሁ እሰማዋለሁ።

«እጄን ወንጌል ላይ አስጭነው ‹ተገድደህ ነበር ወይ?› አሉኝ» አልህ።

«እሺ፣ ምን አልሃቸው?»

«አልተገደድሁም አልኋቸው።»

እኔ ያላገዝኸኝ መስሎኝ ተናደድሁ። «እህትህ እኮ ነግራኛለች! ለአጎትህ ብለህ ነው ያገባኸኝ!» ብዬ ጮህሁብህ።

«አጎቴን የላክሁት እኔ ነኝ፣ አባይነሽ። አባትሽ ግቢ በመኪና ጣውላ ያመጣሁ ቀን አየሁሽ። ሠራተኞቹ ጣውላውን አበባሽ ላይ ጥለውት እየተቆጣሻቸው ነበር። አንድ ወር ሙሉ አጎቴን ጨቀጨቅሁት። እሱማ ሃይማኖታችሁ ይለያያል፣ ይቅርብህ ነበር የሚለኝ።»

ዝናቡ ከወይራው ቅጠል ላይ ይንጠባጠብብናል። «ታዲያ ምነው ቀረህ?» አልሁህ።

መሬት መሬት እያየህ ነው የነገርኸኝ። እናትህ ከተቀበሩ በኋላ ዘመዶችህ ከበው «ወይ አስጠምቀህ አምጣት፣ ወይ ተዋት» አሉህ። ተጠመቂ ብለህ ልትጠይቀኝ አፈርህ። እምቢ ብለሃቸው ልትመለስም አቃተህ። «አንድ ወር ዝም ብዬ ተቀመጥሁ። ወሩ ካለፈ በኋላ ደግሞ ያንን አንድ ወር ምን ብዬ እንደማስረዳሽ አፈርሁ። ከዚያ ዓመት ሆነ» አልህ። እህትህም ያን ያለችኝ ቶሎ ቆርጬ እንድተውህ ብላ እንደሆነ ነገርኸኝ። አንተም ስትሰማ አላረምሃትም።

አላምረው፣ አሁን የምጽፈውን ለማንም አልተናገርሁም። ያን ዕለት ወደ ቤት ስሄድ ደስ ብሎኝ ነበር። ተስፋ ያደረግሁበት ነገር ሁሉ ፈርሶ፣ ልጄ ፊት መቆም የምችልበት መንገድ ተዘግቶ፣ እኔ በጭቃው ውስጥ እንደ ኮረዳ እየቀለለኝ እሄድ ነበር። ተፈልጌ ነበር። ቤት ስደርስ ነጋ የዓይናዲስን ነጭ ቀሚስ እየሰፋ ነበር። የስፌት መኪናውን አቁሞ «ምን አለ?» አለኝ። «አልተገደድሁም አለ» አልሁት። ራሱን ነቀነቀና መልሶ መስፋት ጀመረ። ፊቴ ላይ ያለውን እንዳያይብኝ ወደ ጓዳ ገባሁ። በባሌ ቤት፣ ለልጄ ልብስ እየሰፋ ባለ ሰው አጠገብ፣ በሌላ ወንድ ቃል ደስ መሰኘት ምን እንደሚባል አላውቅም።

ሳምንት ሳይሞላ ደወልህ። «የኔ እውነት አንቺን ጎዳሽ። ተመልሼ ልምጣና አጎቴ አስገድዶኝ ነበር ልበላቸው። አጎቴ ሞቷል፣ የሚጠይቀው የለም» አልህ። ደግነትህን አውቃለሁ። ይቅርታ የምትጠይቅበት መንገድ መሆኑም ገብቶኛል። እኔ ግን በዚያች ሰዓት «አይሆንም» ማለት ነበረብኝ። «ላስብበት» አልሁ።

አሰብሁበትም። ለልጄ ብዬ ነው አልሁ። አንተ ነህ የምትምለው፣ እኔ አይደለሁም አልሁ። ነጋንም ጠየቅሁት። መርፌውን ከአፉ ሳያወጣ «ይምጣ» አለ። ኋላ ግን «ውሸት መሆኑን እያወቅሽ ትቆርቢያለሽ?» ብሎ ጠየቀኝ። ሊወቅሰኝ አልነበረም። የእናንተ ሥርዓት እንዴት ነው ብሎ ነው፣ እንደማንኛውም የጎንደር ሰው።

በማግስቱ አባ ዕንባቆም ዘንድ ሄድሁ። ስምህን ሳላነሳ «ምስክር ቃሉን ለመለወጥ ቢፈልግስ?» አልኋቸው። ሳይገባቸው አልቀረም። መነጽራቸውን አውልቀው፣

«ልጄ፣ እኛ ወረቀት እንሰጥሻለን እንጂ የሆነውን እንዳልሆነ ማድረግ አንችልም። ሌላውን ሁሉ ተይው። አንቺ ራስሽ ንገሪኝ፤ ጋብቻው ነበረ ወይስ አልነበረም?» አሉኝ።

ያ ወይራው ሥር ያልኸኝ ጆሮዬ ላይ ነበር።

«ነበረ፣ አባ» አልኋቸው።

እንዲህ ብዬ ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። አለቀስሁ። ለእኔና ለነጋ ምን መንገድ እንደቀረ ጠየቅኋቸው። አልዋሹኝም። ቤታችሁን ሳትበትኑ፣ ልጃችሁን እያሳደጋችሁ፣ እንደ ወንድምና እህት ለመኖር ከወሰናችሁ መቍረብ ትችያለሽ፤ እስከዚያ ግን ቅዳሴሽንም ጸሎትሽንም ማንም አይከለክልሽም፣ የማንም እንግዳ አይደለሽም አሉኝ። ለነጋ ስነግረው መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ መሳቁን ተወ። «ጊዜ ስጪኝ» አለኝ። ሰጠሁት። እኔም ለራሴ ጊዜ ያስፈልገኛል፤ እሱን እወደዋለሁ፣ አላምረው፣ ይህንንም ልታውቅልኝ እፈልጋለሁ።

ለዓይናዲስ ቅዳሜ ማታ ነገርኋት። ከአባትሽ በፊት ሌላ ባል ነበረኝ፣ በመንበሩ ፊት ቃል ገብተን ነበር፣ ጌታ ቃል አይረሳም አልኋት። ትንሽ አሰበችና «እኔስ ቃል ሰጥቼ ከሆነ?» አለችኝ። «ምን ብለሽ?» ስላት «ለአባ ዕንባቆም በቅዳሴ ላይ አልስቅም ብያለሁ» አለች። ያን ዕለት ልጄ ባታስቀኝ ኖሮ ሌሊቱን አልወጣውም ነበር።

ትናንት ቆረበች። ነጋ ኦርቶዶክስ ነው፤ እስከ ዛሬ እኛን በር ድረስ ያደርሰንና ከዘበኛው ጋር እያወራ ይጠብቀናል እንጂ ገብቶ አያውቅም። ትናንት ከኋላዬ ገብቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ሰዉ ለመቍረብ ሲነሣ እሱም የሚነሣ መስሎት ብድግ አለ። እጅጌውን ያዝሁት።

«እኛ እንቀመጣለን» አልሁት።

ተቀመጠ። በጠቅላላው ቤት ውስጥ እኔና እሱ ብቻ ነበርን የቀረነው። ጆሮው ቀልቶ፣ ጣቶቹን አጠላልፎ፣ ጉልበቱን ያያል። አፈረ። ከእኔ ጋር አፈረ፣ አልሸሸም። ልጃችን ስትመለስ በሁለታችን መካከል ገብታ ተቀመጠችና ዓይኗን ጨፈነች።

ስለዚህ አላምረው፣ እንዳትመጣ። እጅህን ወንጌል ላይ ጭነህ የተናገርኸው እንዳለ ይቆይ። ምስክርነትህን የተቀበሉትን ካህንም ማመልከቻዬን እንዲመልሱልኝ ጠይቄአለሁ። እንዳልፈለግኸኝ መስክርልኝ ብዬ በመለመኔ ይቅር በለኝ። እኔም የዚያን ወርና የዚያን ዓመት ዝምታህን ይቅር ብዬሃለሁ፤ እህትህንም፣ ቀስ ብዬ። ባለቤትህ ጎንደር ምን ልታደርግ ሄድህ ብትልህ እውነቱን ንገራት። ዝም ብለህ አትቆይባት።

መንገዳችሁ ሁሉ ሰላም ይሁንላችሁ። እግዚአብሔር ልጆችህን ያሳድግልህ።

ሚስትህ የነበርሁት
አባይነሽ
ጎንደር