አባትህ ለስልኩ የነገረው

ሚያዝያ 9 ቀን፣ ሐሙስ ጠዋት

ለምወድህ ልጄ፣ ለዓይኔ ማረፊያ፣

እንዴት ሰነበትክልኝ? ብርዱስ እንዴት አድርጎሃል? እኔ ደህና ነኝ። አባትህም ነቅቶ ሬዲዮ እየሰማ ነው። ይህን የምጽፍልህ በስልክ መናገር ቢያቅተኝ ነው። ሦስት ጊዜ ልነግርህ ደውዬ፣ ሦስቱንም ጊዜ ስለ ዝናቡ አውርቼ ዘጋሁት። የታችኛው ቤት መምህር ለስብሰባ ወዳንተ ስለሚመጣ በእሱ እጅ ልኬልሃለሁ። ፈተናህን እስክትጨርስ ጠብቄ ነው። ቁጭ ብለህ አንብበው።

ከአምና ልጀምርልህ። አባትህን ስኳር እንደያዘው የታወቀ ሰሞን የሦስት አፕ ስም ጽፈህ ላክህልን። «እማዬ፣ የሚመቻችሁን ምረጡና አባዬ የሚበላውን ሁሉ ይመዝግብበት» አልከኝ። እኛም እሁድ ጠዋት መነጽራችንን አድርገን፣ እንደ ተማሪ ጎን ለጎን ተቀመጥን።

የመጀመሪያው ሁሉን በግራም የሚጠይቅ ነበር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሊጥ በእጁ እየመዘነ የጋገረ ሰው፣ «አንድ ጭልፋ ሩዝ ስንት ግራም ነው?» ሲባል ደሙ ፈላ። «እኔን በእርጅናዬ የሚፈትነኝ ይሄ ደግሞ ማነው?» ብሎ ተወው። ሁለተኛው ሳህኑን ፎቶ ስታነሳለት ምግቡን ራሱ ያውቃል የተባለለት ነው። የምስር ሾርባዬን አሳየነው። «ቸኮሌት ኬክ» አለን! አባትህ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። «ሠላሳ ዓመት ኬክ ጋግሬ እንዲህ ያደነቀኝ የለም፣ አንቺ በሾርባ ቀደምሽኝ» አለኝ።

ሦስተኛውን የጤና ጣቢያዋ ነርስ አሳየችን። ፊደሉ ትልቅ ነው፤ የበላውንና የስኳሩን ልክ ጎን ለጎን ያስቀምጣል። ልኩ ደህና ከሆነ አረንጓዴ፣ ካለፈ ቀይ ይሆናል። «ብቻ አባቴ» አለችው፣ «የበሉትን ነው የሚጽፉት፣ መብላት የነበረብዎትን አይደለም። ስልኩን ቢያታልሉት ስልኩ አይታመምም።» እሱ ግን ልቡ ሌላ ቦታ ነበር። ቤተሰብ እንዲያየው የሚያደርግ ነገር እንዳለው ሰምቶ፣ «ልጄ እዚያ ሆኖ ያየዋል?» ብሎ ጠየቃት። «አዎ፣ ወዲያው ያየዋል» አለችው። «በቃ፣ ይሄ ነው» አለ። የመረጠው ለዚህ ነው፣ ልጄ። በሳምንት አንዴ በስልክ የሚያገኝህ ሰው፣ በቀን ሦስቴ ዓይንህ እንዲያርፍበት ፈልጎ ነው።

መጀመሪያ ላይ አንድ ሳያስቀር እውነቱን ነበር የሚጽፈው። ዳቦ ቤት ውሎ ትኩስ ዳቦ ሳይቀምስ የሚመጣ የለምና፣ ቀይ ይበዛ ነበር። ቀይ በታየ ቁጥር ትደውላለህ። «አባዬ፣ ምን በላህ? ለምን?» ትለዋለህ። ስለምትወደው ነው፣ እሱም ያውቃል። አንድ ቀን ግን ድምፅህ ዝሎ፣ «እንዲህ ከሆነማ ትምህርቱን ትቼ እመጣለሁ» አልከው። ስልኩን ከዘጋ በኋላ፣ «እንግዲህ የልጄ ማነቆ ልሁንበት?» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ እስከ ትናንት ድረስ ቀይ አይተህ ታውቃለህ? እኔም አላየሁም። «ጎበዝ፣ አሁን ገና ሰው ሆንክ!» እያልኩ አሞግሰው ነበር።

መጋቢት ሲገባ ከምድጃ የወጣ የብረት ትሪ እግሩ ላይ አርፎበት ኖሯል። ስኳሩ የእግሩን ስሜት አደንዝዞት፣ አልተሰማውም። እኔም ያወቅሁት ካልሲውን ላጥብ ሳነሳ የቁስሉ ሽታ አፍንጫዬን ሲሰነፍጠኝ ነው። «ምንም አይደል፣ ጭራሽ አያመኝም» አለኝ። ክፋቱም እሱ ነበር፣ አለማመሙ።

ሆስፒታል ይዤው ሄድኩ። ሐኪሙ ምን እንደሚበላ ሲጠይቀን፣ ኮራ ብዬ ስልኩን አቀበልኩት። ወደ ላይ ወደ ታች አየው፤ 108፣ 115፣ 110፣ ሁሉም አረንጓዴ። ከላቦራቶሪ የመጣው ወረቀት ላይ ግን 412 ተጽፏል።

«እናቴ፣ ይሄ ስልክ የሌላ ሰው ነው?» አለኝ።

«የራሱ ነው እንጂ።»

«ደሙን መርምረነዋል። ሦስት ወር ሙሉ ከፍ ብሎ ነው የቆየው። ስልኩ ያለው አንድም ቀን አልሆነም።»

ወደ አባትህ ዞርኩ። ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ። ሐኪሙ ሲወጣ እንደ ጥፋተኛ ልጅ ቀስ ብሎ ነገረኝ። «አንድ ቀን 260 አለኝ። ልጁ አይቶ ሻንጣውን ያነሳል ብዬ 120 ብዬ ጻፍኩ። በማግስቱ ቀለለኝ። ኋላማ መለካቱንም ተውኩት።»

«ምነው ለእኔ እንኳ ብትነግረኝ?»

«ለአንቺ መንገር ለእሱ መንገር አይደል?» አለኝ። እውነቱን ነው።

ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በታች ተቆርጧል፣ ልጄ። ለስለስ ያለ ቃል ብፈልግለት አጣሁ። ነፍሱን ለማትረፍ ነው ብለውናል፤ ተርፏልም። ቤት ከገባ ሳምንቱ ነው፣ ቁስሉም እየደረቀ ነው።

አሁን ደግሞ የራሴን ልንገርህ። እሱ ሆስፒታል በተኛባቸው አሥራ አንድ ቀናት የጻፍኩት እኔ ነኝ። ፈተና ላይ ነህና አንድ ቀን እንኳ ባዶ ብታየው ትደነግጣለህ ብዬ፣ «ጎመን፣ ግማሽ ዳቦ፣ 112» እያልኩ ሞላሁት። ስትደውል «ሥራ ነው»፣ «ተኝቷል» እልሃለሁ። እግሩን በሚቆርጡበት ሰዓት የቀዶ ጥገናው ክፍል በር ላይ ቆሜ፣ «ምሳ፦ እንቁላልና ሰላጣ» ብዬ ጻፍኩ። ወዲያው «ጎበዝ አባዬ!» ብለህ ላክህ። ያን ሳነብ ሰው እያየኝ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። እሱን ልወቅስበት አፌን የከፈትኩበትን ነገር በገዛ ጣቴ ስሠራው አገኘሁት።

የጤና ጣቢያዋ ነርስ ፋሻውን ልትቀይር ቤት ስትመጣ ይህንኑ ነገርኳት። አልተቆጣችኝም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባል የለ፣ እማማ?» አለችኝ። ከዚያ ወደ አባትህ ዞራ፣ «ልጅዎ ማየቱ ካስጨነቀዎ ከእሱ በኩል እንዝጋው፣ ለእኔ ብቻ ይጻፉልኝ» አለችው። አባትህ ስልኩን ተቀብሏት ብዙ ካየው በኋላ፣ «አይ፣ ይየኝ። እንዳለሁ ይየኝ» አላት።

ትናንት ቁርስ ላይ ተለካ፤ 238። ራሱ ጻፈው። ቀይ ሆነ። አይተህ ሁለቴ ደወልክ፤ ያላነሳልህ ንቆህ እንዳይመስልህ። የሚለው ጠፍቶት ነው።

ልጄ፣ ይህን ሁሉ የማወራህ ልወቅስህ አይደለም። ወቀሳ ካለ ለሦስታችንም ይበቃል። ብቻ ቀይ ስታይ ከቁጥሩ አትጀምርበት። እንዴት አደርክ በለው። ስለ ክፍልህ፣ ስለ መምህሮችህ አውራው፣ እዚያ ያለው ዳቦ እንዴት ያለ እንደሆነ ንገረው። ዳቦ ቤቱ ሌላ ሰው ቀጥሯል፤ እሱም የጠዋቱን ሰዓት ምን እንደሚያደርግበት ግራ ገብቶታል። በሩ ላይ ተቀምጦ መንገዱን ሲያይ ይረፍዳል።

ትምህርትህን ትተህ እንዳትመጣ። እሱም «እንዳይመጣ በይው» ብሎ አስጠንቅቆኛል፤ ሁለቴ ነው ያለኝ። ምናልባት እረፍት ሰጥተውህ ብትመጣ ግን ቀኑን አስቀድመህ አሳውቀኝ። ፀጉሩን መስተካከል ይፈልጋል፤ ደግሞ ተኝቶ ሳይሆን ተቀምጦ ሊቀበልህ ነው የሚወደው። የአልጋህን አንሶላ ቀይሬዋለሁ። እንዲያው አቧራ እንዳይይዘው ብዬ ነው።

ደግ ሰው ይግጠምህ። የጀመርከውን ያስጨርስህ፣ የደከምክበትን ያሳይህ። እግርህን እንቅፋት አይንካው፣ ልጄ።

እናትህ