በሕይወት ስለመኖሬ

አቃቂ፣ ሚያዝያ 9 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጓድ ታደሰ
የካንሰር ሆስፒታሉ የምርምር ክፍል ኃላፊ

ክቡር ጓድ ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ሙሉ ጤንነት እመኝልዎታለሁ፤ እኔ የሌለኝን ቢያንስ እርስዎ እንዲኖርዎት።

በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው የማቅለሚያ ክፍል ሠራተኛ ነኝ። የዛሬ ስምንት ወር ባለሙያዎችዎ ለጥናት ሆስፒታል ወስደውኝ፣ ጡቴ ላይ ከወጣው እብጠት ናሙና ቆርጠው፣ ውጤቱ በሦስት ሳምንት ደርሶ ሕክምና እንደምጀምር ነግረውኝ ነበር። እብጠቱ ያኔ ሽምብራ ያክል ነበር፤ ዛሬ ሎሚ አክሏል። እፈራለሁ፣ ጓድ ታደሰ።

1ኛ/ ጥናቱን ለዓለም ሠራተኞች ቀን አስቀድመው፣ ከዕቅድ በላይ 108 በመቶ በማጠናቀቅዎ እንኳን ደስ ያለዎት። ሪፖርቱ ፋብሪካችን ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ፣ ለመሠረተ ትምህርት ምስጋና ይግባውና፣ ራሴ አነበብኩት። ተራ ቁጥር 41 እኔ ነኝ፤ ሞቻለሁ። ውጤቱ ያልደረሰ መዝገብ ስለማይዘጋና የሟች መዝገብ ስለሚዘጋ፣ ለሪፖርቱ ሲባል እንደተገደልኩ የመዝገብ ቤት ሠራተኛዎ አቶ ቀናው በትሕትና አስረድተውኛል።

2ኛ/ እኚሁ አቶ ቀናው ፊታቸው ቆሜ ሳለ፣ የሟች ውጤት ስለማይሰጥ በሕይወት መኖሬን ከቀበሌ አጽፌ እንድመጣ አዘዙኝ። የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ ዱሬሳ በበኩላቸው፣ እሳቸው ዘንድ ሞቼ ስለማላውቅ፣ መሞቴን ሆስፒታሉ በደብዳቤ ካልገለጸላቸው መኖሬን ሊጽፉ እንደማይችሉ ነገሩኝ። በሁለቱ መካከል ስመላለስ አምስት ሳምንት አለፈ። ስለ ቅንጅታችሁ አመሰግናለሁ።

3ኛ/ ይህ እንኳ ቅሬታ አይደለም። ልጄ ሰዓደት ገና ሦስት ዓመቷ ነው፤ ላሳድጋት እፈልጋለሁ። የሥጋዬን ውጤት ስጡኝ።

ለዕቅድዎ መሳካት ሕይወቷን አበርክታ ዛሬም በጠዋት ፈረቃ የገባችው፣
ታላቅ አክባሪዎ
ጀዋሂር ሙሀመድሁሴን

ግልባጭ፦ ለፋብሪካው ማስታወቂያ ሰሌዳ

ማሳሰቢያ፦ ለሁለተኛው ዙር ጥናት እርስዎ የላኳቸው ባለሙያዎች ትናንት ሠላሳ የናሙና ጠርሙስ ይዘው መጥተው ነበር። የእኔ ውጤት ካልመጣ ከማቅለሚያ ክፍል ሠላሳ ሴቶች አንዲትም ናሙና ላለመስጠት ስለተስማማን፣ ከነባዶ ጠርሙሳቸው መልሰናቸዋል። ሠላሳችንንም ሞተዋል ብለው መዝገቡን ሊዘጉ ካሰቡ፣ ስማችን እንዳይሳሳትብዎት ሁላችንም ከዚህ በታች ፈርመናል።