ባሌ ሲመጣ ብቻ የምውጠው ኪኒን

ሐሙስ፣ ኅዳር 12

የወር አበባዬ ከዘገየ ዛሬ አሥራ ሁለት ቀኑ። ሱቄን ዘግቼ፣ የወሊድ መከላከያ ኪኒኔን ይዤ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። የጠረጠርኩት ኪኒኑን ነበር። ጊዜው ያለፈበት ዕቃ ሊያሸክመኝ የሚሞክር ስንቱን አይቻለሁ። እሽጉ ላይ ያለውን ቀን ደጋግሜ አየሁት፤ አላለፈም። እንግዲያው ውስጡን ለውጠውታል አልኩ።

"ይሄ መድኃኒት ነው ወይስ ዱቄት?" አልኳት ነርሷን።

የቀረውን ቆጠረችው። "ከወሰዱት ሦስት ወር ሆነው፤ አንዱ እሽግ እንኳ እንዴት አላለቀም?"

"ባሌ ሹፌር ነው፤ በሁለት ሳምንት አንዴ ነው የሚመጣው። እሱ ባደረ ቀን እውጣለሁ። ሰው በሌለበት ቤት መብራት ይበራል እንዴ?"

አልሳቀችም። "እትዬ፣ ባልዎ ኖረም አልኖረም በየቀኑ ካልተዋጠ አይከላከልም።"

እሷንም ጠረጠርኳት። ቶሎ እንዲያልቅብኝና ተመልሼ እንድወስድ ፈልጋ ይሆናል አልኩ። ግን የሚሰጡኝ በነፃ ነው። ምን ታተርፋለች? ለእርግዝና ምርመራ ነገ ጠዋት ይምጡ ብላኛለች።

እኔስ ሦስት አሳድጌያለሁ፤ አራተኛውም አያቅተኝም። ደሃና ወረዳ የምትኖረው ታናሽ እህቴ ግን ባለፈው ዓመት በቀዶ ሕክምና ወልዳ፣ ቶሎ እንዳትደግም ሐኪሙ አስጠንቅቋታል። የእሷም ባል ለሥራ ወልድያ ይመላለሳል። "እሱ ሲመጣ ብቻ ዋጪ፣ ይበረክትልሻል" ብዬ የመከርኳት እኔ ነኝ።

ቤት እንደገባሁ ደወልኩላት።

"ኪኒኑ አለሽ?"

"ሞልቶ፣ እታለም! እንዳልሽኝ እየቆጠብኩ ነው" አለችኝ በኩራት።

"የወር አበባሽን መቼ አየሽ?"

መቁጠር ጀመረች። አርባ ላይ ስትደርስ አቁማ እንደገና ከአንድ ጀመረች።